የሦስት ወሯ መርፌ እና የሴት አጥንት፦ ሁለት ባለሙያዎች ይከራከራሉ

ጥያቄው አጭር ነው። በየሦስት ወሩ የምትሰጠው የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ብዙዎቻችን ዴፖ የምንላት፣ አጥንት ታሳሳለች ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባታል። ከሁለት ዓመት በላይ ባትወሰድ ይመረጣል ይላል ማስጠንቀቂያው። ይህ ነገር እኛ አገር ይሠራል ወይ? ሁለት ባለሙያዎች ጠየቅን። አንዱ የሆርሞን ሕሙማንን የሚያክሙ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። ሌላዋ በጤና ጣቢያ ለረጅም ዓመት የሠሩ አዋላጅ ነርስ። ስማችን ይቅር ስላሉ ሕሙማኖቻቸው እንደሚጠሯቸው ዶክተር እና ሲስተር ብለናቸዋል። አንዱ የጻፈውን ሌላው እያነበበ ነው የመለሰው።

ዶክተር

አጥንት ሲታይ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕያው ነገር ነው። ሌት ተቀን ይፈርሳል፣ ሌት ተቀን ይገነባል። አፍራሽ ሴሎች አሉት፣ ገንቢ ሴሎችም አሉት። በሴቶች ላይ የአፍራሾቹን ልጓም የሚይዘው ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ነው። ሴት ስታርጥ ኢስትሮጅን ይወርዳል፣ ልጓሙ ይላላል፣ አፍራሾቹ ይቀድማሉ። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ቦስተን ውስጥ ፉለር ኦልብራይት የሚባል ሐኪም በ1940ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አጥንታቸው የሳሳባቸውን ሕሙማኑን ሲመረምር አብዛኞቹ ያረጡ ሴቶች ሆነው አገኛቸው። ነገሩን ከኢስትሮጅን ጋር ያያዘው ያኔ ነው።

ማረጥ ብቻም አይደለም። የወር አበባዋ ያለዕድሜዋ የቀረባት ሴት፣ ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን የበዛባት፣ እንቅርቷ ከልክ በላይ የሚሠራባት፣ ስፖርት እያበዛች ምግብ አንሷት የወር አበባዋ የጠፋባት ልጅ፣ ሁሉም አጥንታቸው ይጎዳል። እነዚህን ሴቶች "በሽታ አለብሽ" ብለን እናክማቸዋለን።

አሁን ወደ መርፌዋ እንምጣ። በውስጧ 150 ሚሊግራም ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን የሚባል ሰው ሠራሽ ሆርሞን አለ። ከአንጎል ሥር ያለችውን ፒቱታሪ ዕጢ ዝም ታሰኛለች። ፒቱታሪ ዝም ስትል እንቁልጢም ዝም ይላል። እንቁላል አይወጣም፣ ኢስትሮጅንም ይቀንሳል። በእኛው እጅ የመጣ የሆርሞን ማነስ ማለት ነው። ለአምስት ዓመት የወሰዱ ሴቶች ሲለኩ የጀርባና የዳሌ አጥንታቸው ጥግግት በአማካይ ከ5 እስከ 6 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኖቬምበር 2004 ጥቁር ሳጥን ያለው፣ ከሁሉ የጠበቀውን ማስጠንቀቂያ ያስጻፈው በከንቱ አይደለም። የኛ ሴት ይህን የማወቅ መብት የላትም ወይ?

ሲስተር

ጥቁር ሳጥኑን አንብቤዋለሁ ዶክተር። ከእርስዎ የምለየው መርፌዋን የምሰጠው እኔ በመሆኔ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የእርስዎ 5 እና 6 በመቶ ማሽን የለካው ቁጥር ነው። ሴትዮዋን የሚያስተኛት ግን ስብራት ነው። እንግሊዝ አገር የ312,395 ሴቶች የሕክምና መዝገብ ታይቶ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ ወጥቷል። መርፌዋን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ስብራት በዝቶባቸዋል፣ እውነት ነው። ችግሩ፣ ገና መርፌዋን ሳይጀምሩም በዝቶባቸው ነበር። ከጀመሩ በኋላ ልዩነቱ አልሰፋም። እንግዲህ የሰበራቸው መርፌዋ ናት ወይስ ኑሯቸው?

ሁለተኛ፣ ልጅ ማጥባት። የምታጠባ እናት በወራት ውስጥ ከአጥንቷ ጥግግት ከ3 እስከ 10 በመቶ ታጣለች። ልጁ ጡት ሲጥል አጥንቷ ይመለሳል። በእናት ጡት ላይ ጥቁር ሳጥን የለጠፈ ባለሥልጣን እስካሁን አላየሁም! መርፌዋም ስትቆም አጥንት ይመለሳል። በወጣቶች ላይም ሳይቀር ሲመለስ ታይቷል።

ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ100 ያገቡ ሴቶች 35ቱ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ከነዚህ 23ቱ መርፌ። በክንድ ላይ የሚቀበረው 8 ብቻ። በዚያው ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር። መርፌዋ ለምን ተወደደች? አትታይማ። እንክብሉ ከትራስ ሥር ይገኛል። ክንድ ላይ ያለው ሲዳሰስ ይታወቃል። መርፌ ግን ገበያ ደርሼ ልምጣ ብላ የወጣች ሴት ተወግታ ትመለሳለች። ማንም አያውቅም።

አንድ ጊዜ በእኛ አካባቢ "መርፌ አጥንት ትበላለች" የሚል ወሬ ገባ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። በቀጠሯቸው የቀሩ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ከወራት በኋላ የተወሰኑት መጡ። የመጡት ግን ለእርግዝና ክትትል ነበር። አንዷ አምስተኛዋን ነበር የያዘችው። አጥንቷ ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ዶክተር

ወሬውን እኔም አልወደውም። ወሬ የሚገባው ግን እኛ ዝም ባልነው ቦታ ነው።

የእንግሊዙን ጥናት እቀበላለሁ። ይሁንና የተጠኑት በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው። የአጥንት ዕዳ የሚጠየቀው በ65 እና በ70 ዓመት ነው። ያኔ የተከተላቸው የለም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ሁሉም ሴት አይደለችም። ሁለት ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ የ17 ዓመቷ ናት። አጥንት የሚከማቸው በጉርምስናና በሃያዎቹ ነው። እንደ ቁጠባ ደብተር ነው ነገሩ፣ ያኔ ያላስገባሽውን በኋላ አታወጪውም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ከ18 እስከ 45 ላሉት ያለ ገደብ ይወሰድ ሲል፣ ከ18 በታችና ከ45 በላይ ላሉት ግን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ብቻ ነው ያለው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ግን በምክንያት የገባ ነው።

ሁለተኛዋ ቫይረሱ በደሟ ያለባት ሴት ናት። ዛሬ ከምትወስዳቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች አንዱ ቴኖፎቪር ነው። ቴኖፎቪር ብቻውን አጥንት ይቀንሳል። ዴፖም ትቀንሳለች። ኡጋንዳ ውስጥ ሁለቱን ባንድ ላይ የሚወስዱ ሴቶች ሲለኩ አንዱን ብቻ ከሚወስዱት የበለጠ አጥተው ተገኝተዋል። በዚህ ላይ ጾሙን ጨምሩበት። ዓመቱን ግማሽ ያህል ወተት የማይቀምስ ቤት ብዙ ነው። ጤፍ ካልሲየም አለው ትሉኝ ይሆናል፣ አለው። ብቻውን አይበቃም።

ስለ መናገር ካነሳን ደግሞ እስራኤልን አንርሳ። እዚያ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች መርፌዋ ስትሰጣቸው ምን እንደሆነች በቅጡ አልተነገረንም ብለው በቴሌቪዥን ተናገሩ። ማስገደድ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ብዙ አከራክሯል። በጃንዋሪ 2013 ግን የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ለማህፀን ሐኪሞች ደብዳቤ ጻፉ። ውጤቷን መረዳቷ የሚያጠራጥር ሴት ካለች መርፌዋን አታድሱላት የሚል። እኛ እዚህ ያንን ደብዳቤ እስክንጽፍ ለምን እንጠብቃለን?

ሲስተር

እስራኤልን ማንሳትዎ ልክ ነው። ግን እነዚያ ሴቶች የጮኹት አልተነገረንም ብለው ነው። ሁለት ዓመት አልፎናል ብላ የጮኸች የለችም። ስለዚህ እርስዎና እኔ በመንገሩ ተስማማን ማለት ነው። ፀባችን በሁለት ዓመቷ ላይ ነው።

ሁለት ዓመት የሚለው ነገር ለእኔ አይገባኝም። አጥንቱ በብዛት የሚጎድለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፣ ከዚያ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ታዲያ የጎደለው ከጎደለ በኋላ "በቃሽ" ብሎ ማባረር ምን ይሉታል? በዚያ ቀን በምትኩ ምን ልስጣት? በክንድ የሚቀበረው አንዳንድ ወር የለም። ሲኖርም አውጡልኝ ስትል የሚያወጣላት የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። በማህፀን የሚቀመጠውን ሉፕ ስላቸው ብዙዎቹ ይሸሻሉ። መተኪያ ሳልይዝ መርፌዋን ከነጠቅኳት የማስተላልፋት ወደ እርግዝና ነው።

ስለ ቴኖፎቪሯ ሴት ግን አልከራከርዎትም። እውነቱን ልናገር፣ ሁለቱን አያይዤ አስቤው አላውቅም ነበር። የኤች አይ ቪ ክፍሉ ሌላ በር ነው፣ የቤተሰብ ምጣኔው ሌላ በር። አንዷ ሴት ግን በሁለቱም በር ትገባለች። ለእሷ በክንድ የሚቀበረውን ቀድሜ አነሳላታለሁ። ከ45 ያለፈችውንም እንደዚሁ፣ ማረጫዋ ቀርቧልና።

የ17 ዓመቷ ላይ ግን አልሸነፍም። የ17 ዓመት እናት የምትወልደው ልጅ ከእናቱ አጥንት የራሱን ካልሲየም ይወስዳል። ለዚያች ልጅ የሚጠብቃት ምርጫ መርፌ ወይስ ወተት ቢሆን ኖሮ ወተቱን እኔ እገዛላት ነበር።

ዶክተር

እንግዲያው ሁለት ዓመቷን ልተውልዎት። ማቆሚያ አትሁን፣ ማስታወሻ ትሁን። ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ስትመጣ አምስት ደቂቃ ተቀመጡና አራት ነገር ጠይቋት። ዕድሜሽ ስንት ነው? ሌላ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ወድቀሽ ተሰብረሽ ታውቂያለሽ? ወደ ሌላ መከላከያ መዛወር ትፈልጊያለሽ? የአጥንት መለኪያ ማሽን አልጠይቅም፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ካሉ ማግኘቱ ጭንቅ እንደሆነ አውቃለሁ። የጀመረችበትን ቀንና መልሶቿን በቀጠሮ ካርዷ ላይ ጻፉላት። ነገ ሌላ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ካርዷን ያየ ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ሲስተር

ጥያቄዎቹን እወስዳለሁ። አምስት ደቂቃውን የማገኘው ከገበያ ቀን ውጭ ነው፣ በገበያ ቀን ሰልፉ እስከ በር ነው።

ካርዱን ግን እንደገና እናስብበት። ብዙዎቹ ቤት ይዘውት አይሄዱም። ባል እንዳያየው እኔው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚተዉት።