ቱርቦው ይቆይ፣ መጀመሪያ ካንዴላውን ፍቱት

የመኪና ጉልበት ስለመጨመር ያነበብኩት ጽሑፍ «ጉልበት የፈለገ ቱርቦ ይግጠም» ብሎ መጀመሩ አስቆኛል። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ በአሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ የምንጫወተው ሰዎች ከዚያ በፊት የምንጨርሰው ብዙ የቤት ሥራ አለን። ከተማዋ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ሩብ ያህሉን ገና ሳይነሳ ያጣል። ለዝቅተኛ ቦታ የተቃኘ ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ደግሞ እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላውን፣ ነዳጁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ፈታ አድርጋችሁ ብታዩት ጥቀርሻ ለብሷል።

የኔን አንድ ጋራዥ ወስጄ የነዳጅ ማሳለፊያውን ቀዳዳ በጠባብ አስቀየርኩ። መኪናው ሌላ ሆነ! የእንጦጦን ዳገት ሳያጉረመርም ይወጣው ጀመር። ታዲያ ለፋሲካ ወደ አዋሽ ስወርድ የነገረኝ የለም፦ ቆላ ላይ አየሩ ይወፍራል፣ ያ ጠባብ ቀዳዳ ነዳጅ ያሳንሳል፣ ሞተሩ ይግላል። መተሐራን እንዳለፍኩ ጠጠር የገባበት ቆርቆሮ ይመስል ይንኳኳ ጀመር። ካንዴላው እንደ ኖራ ነጥቶ ወጣ። የቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያውም ተቃጥሏል። መኪናዬን በአይሱዙ አስጭኜ ተመለስኩ፣ በበዓል ቀን!

ቱርቦ የከፍታን ጉዳት ያካክሳል የሚለው እውነት ነው፣ እዚያ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን ጉልበት የተጨመረለትን መኪና ስለሚያቆመው ፍሬን አንድ መስመር እንኳ አጣሁ። ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) አስበስቶ ሰፈር ለሚቀሰቅሰው ጎረቤቴ ይህን ጽሑፍ ባላሳየው ይሻለኛል።