የሙለር ጸሎት ደረሰኝ ነበረው

ስለ እምነት ሲሰበክ የጆርጅ ሙለር ስም ሳይነሳ አይቀርም። የሚያሳድጋቸው ወላጅ አልባ ሕጻናት ባዶ ገበታ ዙሪያ ተሰብስበዋል፣ እርሱ ያመሰግናል፣ ዳቦ ጋጋሪው በር ያንኳኳል። ታሪኩን ከሰማነው በኋላ ግን «እናንተም በእምነት ዝሩ» ይባልና የባንክ ሂሳብ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ሙለር ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው።

በፕሩሲያ ተወልዶ እንግሊዝ ውስጥ መጋቢ የሆነው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1830 የተቆረጠለትን ደመወዝ ተወ። በ1836 ብሪስቶል ከተማ በ26 ልጃገረዶች የጀመረው የወላጅ አልባ ሕጻናት ማሳደጊያ በ1870 ለ2,050 ልጆች የሚበቁ አምስት ትልልቅ ሕንጻዎች ደረሰ። ደንቡ ጥብቅ ነበር። የጎደለውን ለሰው አይናገርም፣ ገንዘብ ሰብሳቢ አያሰማራም፣ በዱቤ አይገዛም። በ1838 ካዝናው ሲሟጠጥ፣ በየሳምንቱ ሂሳቡ ይዘጋ የነበረውን ዳቦና ወተት ሳይቀር እጅ በእጅ መክፈል ጀመረ። ለሰጪ ሁሉ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆረጣል፤ የዓመቱ ሂሳብም ታትሞ ይወጣል። አንድ ሰጪ አሁን ችግር እንዳለና እንደሌለ ጽፎ ሲጠይቀው፣ በእጁ ከጥቂት ሳንቲም በላይ ሳይኖረው መናገሩን እምቢ አለ። ሰውዬው ሳይነገረው 100 ፓውንድ ላከ።

ሰባኪዎቻችን የሚዘሉት አንድ ነገር አለ፤ ሙለር የሚጸልየው ለይቶ ነው፣ የጠየቀበትንና የተመለሰለትን ቀንም ይመዘግባል። በታኅሣሥ 1835 «አፍህን አስፋ፥ እሞላዋለሁ» የሚለውን መዝሙር ይዞ ቤት፣ 1,000 ፓውንድና ተስማሚ ሠራተኞች ጠየቀ። ሺው ፓውንድ የሞላው ከ18 ወር ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ «በዚህ ሳምንት ችግርህ ይገለበጣል» ለሚል ትንቢት የለመደ ጆሮ ይህን ልብ ይበል። ደግሞ በየካቲት 1836 ሕጻናትን ለመመዝገብ በቀጠረው ቀን አንድም ሰው አልመጣም። ለቤቱም፣ ለገንዘቡም፣ ለሠራተኞቹም ሲጸልይ ኖሮ ልጆቹን ራሳቸውን እንዳልለመነ ያን ጊዜ ገባው። ማታውን ጸለየ፤ በማግስቱ የመጀመሪያው አመልካች ቀረበ።

የ1857ቱ የማሞቂያ ታሪክ ደግሞ እጅ አጣምሮ መቀመጥና መታመን አንድ እንዳልሆኑ ያሳያል። በኅዳር መጨረሻ 300 ልጆች ያሉበትን ቤት የሚያሞቀው የውኃ ቦይለር ማፍሰስ ጀመረ። ቦይለሩ በጡብ የታጠረ ስለሆነ ጡቡ ሳይፈርስ ቀዳዳው አይታይም፤ ጥገናው ቀናት ቢፈጅ ሕጻናቱ በብርድ ያልቃሉ። መጀመሪያ በጋዝ ምድጃ መተካት ይቻል እንደሆነ አጣራ፤ አልሆነም። ከዚያ እሳቱ የሚጠፋበትን ቀን ቆርጦ ሠራተኞች ቀጠረ። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ቀዝቃዛ የሰሜን ነፋስ ተነሳ፤ እርሱ ግን ቀጠሮውን አላራዘመም። የለመነው ሁለት ነገር ነው፦ ነፋሱ ወደ ደቡብ እንዲዞርና ሠራተኞቹ በነህምያ ዘመን ቅጥሩን እንደሠሩት የመሥራት ልብ እንዲኖራቸው። እሳቱ በሚጠፋበት ረቡዕ ነፋሱ ደቡባዊ ሆነ። ማታ አለቃቸው «ነገ በጠዋት ይመለሳሉ» ሲል፣ ሠራተኞቹ ሌሊቱን ሙሉ መሥራት እንመርጣለን አሉ። በ30 ሰዓት ገደማ ጥገናው አለቀ።

የሚጠራጠር ሰው «የዓመቱ ሪፖርት ራሱ ልመና አይደለም ወይ?» ቢል አይፈረድበትም። በጸሎት የተገኘውን እየዘረዘሩ ማሳተም ኪስ ማስከፈቱ አይቀርም። ሙለርም ይህን የሚያውቅ ይመስላል፤ በ1841 መጨረሻ ገንዘብ ሲያጥር፣ ችግሩን ማሳወቅ እንዳይሆንበት ሪፖርቱንም ዓመታዊ ስብሰባውንም አዘገየ። ነገሩን ሙሉ በሙሉ አይፈታውም፤ ግን አንድ የልመና ጉባኤ «ጎደሎ አለብንና በዚህ ወር አንሰበሰብም» ሲል ሰምተን አናውቅም።

እንግዲህ ሙለርን የሚጠቅስ አገልጋይ ሲያጋጥም መጠየቅ ነውር አይደለም። ደረሰኝ ይቆረጣል? ሂሳቡን ከቤተሰቡ ውጭ ማን መረመረው? የተበደረ ምእመን ዘር ይዞ ሲመጣ፣ መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል ይባላል? ሙለር በዕዳ የተያዘ ሰው ስጦታ እንዲሰጥ አይፈልግም ነበር። በ1898 በ92 ዓመቱ ሲያርፍም፣ በሥራ ዘመኑ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በእጁ ያለፈው ይህ ሰው፣ የቤት ዕቃውና መጻሕፍቱ ተጨምረው የተወው ሀብት 160 ፓውንድ ገደማ ነበር።