የጎማ ርግጫ ጥበብ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ደርሶላት የተቆረቆረች፣ በምድር ባቡር ወርክሾፕም መካኒክን ከአባት ወደ ልጅ ስታወርስ የኖረች ከተማ ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ እየኖርን ያገለገለ ፒካፕ ለመግዛት ስንነሣ ጉዳዩን አንድም መካኒክ ሳንጠራ የምንጨርስበት ጥበብ እስከ ዛሬ የሚገባውን ምስጋና አላገኘም። የጥበቡ ተጠቃሚ ሆኜ ሳለ ዝም ማለቱ ውለታ መብላት ስለ ሆነብኝ ብዕሬን አንሥቻለሁ።

የጥበቡ መጀመሪያ ርግጫ ነው። ገዢው መኪናዋን አንድ ጊዜ ከዞራት በኋላ በግራው የፊት ጎማ አጠገብ ይቆምና፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ ቢሆንም እንኳ ለጣቱ ሳይሳሳ፣ ጎማውን ይረግጠዋል። ሞተሩ ዘይት የሚበላ መሆኑ፣ የካምቢዮው ጥርስ መበላቱ፣ ዲፈረንሲያሉ ማልቀሱ፣ ሁሉም በዚያች ርግጫ በኩል ወደ ገዢው ልብ ይደርሳል። ይህ ጸጋ ያልተሰጠው ሰው ነው እንግዲህ መኪናዋን በክሪክ አስነሥቶ፣ ሥሯ ተኝቶ፣ አካሏን የተሸከመው የብረት አፅም፣ ሻንሲው፣ ተሰንጥቆ የተበየደ መሆን አለመሆኑን በባትሪ ሲፈልግ ልብሱን የሚያቆሽሸው።

እኔ የገዛኋት ሳቢያን ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ ነበር። አምስት ሰዎች አስከትዬ ሄድሁ፤ ከአምስቱ አንዱም መኪና ኖሮት ስለማያውቅ ምክራቸው ከአድልዎ የጸዳ ነበር። ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እጄን ኮፈኑ ላይ ሳሳርፍ አቃጠለኝ፤ ደላላውን ቀና ብዬ አየሁት። «የድሬ ፀሐይ ነው፣ አቦ፤ አታውቃትም እንዴ?» አለኝ። አምስቱም አማካሪዎቼ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ አንደኛው እንዲያውም የዘንድሮው ሙቀት ከአምናው የባሰ መሆኑን አስረዳን። ያረጀ የናፍጣ ሞተር ድካሙን የሚናዘዘው ሌሊቱን አድሮ ከቀዝቃዛነቱ ሲነሣ ነው፤ ቶሎ አልነሣ ይላል፣ ሲነሣም ነጭ ጭስ ይተፋል። ባለቤቱ በማለዳ አስነሥቶ ካሞቀው ግን እንደ ሕፃን በአንድ ቁልፍ ይነቃል። ይህን እያወቅሁ ዝም አልሁ፤ በጥላ ሥር የቆመችን ፀሐይ ያሞቃታል ብሎ አምስት ሰው ሲስማማ አንድ ብቻውን የሚከራከር ገዢ ነውረኛ ይባላልና።

የዘይት መክፈቻውን ክዳን ልከፍት ስል ደግሞ ደላላው በትሕትና እጄን ያዘኝ፤ በልብሴ አዝኖ ነው። ሞተሩ እየሠራ ክዳኑ ቢነሣና ጭስ ቡልቅ ቡልቅ ቢል የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻው፣ ማለቁን፣ ከክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ቢገኝ ደግሞ ከጓርኒሲዮኑ፣ ከማሸጊያው፣ ወይም ከሞተሩ ራስ ከቴስታታው በኩል ውኃና ዘይት መገናኘታቸውን መካኒኮች ይናገራሉ። መካኒኮች ግን ስንቱን ይናገራሉ! ቶዮታ መሆኗ እየታየ፣ ያውም ፋይቭ ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር ያላት፣ ክዳን መክፈት በእምነት ላይ ጥርጣሬ ማስገባት ነው። ያ የተመሰገነ ሞተር ራሱ የታይሚንግ ቺንጋ፣ የሞተሩን እንቅስቃሴ የሚያናብብ የጎማ ቀበቶ፣ እንዳለው፣ ቺንጋውም በጊዜው ካልተቀየረ ተበጥሶ ሞተሩን ይዞት እንደሚሄድ፣ መቼ ተቀየረ ብሎ የጠየቀ ገዢ በዘመኔ አልገጠመኝም።

ከሁሉ ይልቅ የሚመሰገነው ስለ ኪሎ ሜትር ያለን ቸርነት ነው። ሃያ ዓመት የሠራች ፒካፕ ሰሌዳዋ ላይ 98,000 ይነበባል። በዓመት 4,900፣ በቀን 13 ኪሎ ሜትር ከምናምን መሆኑ ነው፤ ሐረር ደርሳ ለመመለስ ብቻ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚፈጅባት፣ በየስምንት ቀኑ አንዴ ሐረር ወጥታ ሌላውን ቀን ሁሉ ተሸፍና መዋል ነበረባት። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጎማ ግን ተልጦ ብረቱ እንደ መስተዋት ያበራል። ጭነት ከሚሸከመው ሞላ፣ ከባሊስትራው፣ ላይ ፋብሪካው ያላስቀመጠው ብረት ተደርቦበታል። ከመቀመጫው ሥር እጄን ብሰድ አንድ እፍኝ የደረቀ ገራባ፣ የጫት ትራፊ፣ ወጣ። «ጫት ጭና ታውቃለች?» አልሁ። «ወላሂ አታውቅም፤ የሐኪም መኪና ናት» ተባልሁ። በከተማችን እስካሁን የተሸጡት የሐኪም ፒካፖች ቢቆጠሩ ለአንድ በሽተኛ ሁለት ሐኪም በደረሰው ነበር፤ የእኛው ሐኪም እንግዲህ ከጫት ገበያዋ ከአወዳይ ሕሙማን ያመላልሱ ይሆናል ብዬ ገራባውን ወደ ቦታው መለስሁት።

የቀለሟን ነገር አላበዛም፤ ማግኔት ቢጠጋ ከግማሽ ጎኗ ላይ የሚይዘው አጥቶ ይወድቅ ነበር፤ የተጎዳ አካል የሚሞላበት ስቱኮ ብረት አይደለምና። ሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከርም የባለቤቱን ስም እንደ ማጥፋት ስለሚቆጠር ተውነው።

ሙከራው ከዚራ ሰፈር ላይ ተደረገ፤ በዛፎቹ ጥላ፣ በደልዳላው አስፋልት፣ በሁለተኛ ማርሽ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆናቸውን፣ በመካከላቸውም የደንገጎ ዳገት መኖሩን ያነሣ አልነበረም፤ ዳገት ላይ መፈተን ለዕቃ ጫኝ እንጂ ለሐኪም መኪና አይገባም። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ጉዳዩ እንደገና ታየ፤ ምርቃናው ከፍ እያለ ሲሄድ የመኪናዋም ደግነት አብሮ ከፍ አለ፤ አመሻሹ ላይ ቀብድ ከፈልሁ።

በሳምንቱ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ መታጠፊያው ላይ ኮፈኗ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ጨልሟል፤ ብርዱ ጋቢ ያስለብሳል። አንድ መንገደኛ ቀረብ ብሎ መኪናዋን ዞራት፤ የግራውን የፊት ጎማ በጫማው ረገጠና «ትሸጣታለህ?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈና ወዲያው አነሣው።

«የድሬ ፀሐይ ነው፣ አቦ» አልሁት።