ከሕንፃው ባሻገርስ?
ስለ መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያነበብኩት ጽሑፍ ማዕከሉ ስንት ከተማ እንደገባና ሕንፃው የት እንደደረሰ ይነግረናል፣ ደስ ይላል። ግን መሥራቹ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. ሲጀምር ምን ሕንፃ ነበረው? አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና እያነሳ በወላጆቹ ቤት ነው ማጠብና ማብላት የጀመረው። አሁን በሺዎች ናቸው። ይህን ሁሉ ሰው በየቀኑ ማብላት፣ ዳይፐር መቀየር፣ መድኃኒት ሳያቋርጡ መስጠት ቀልድ አይደለም፣ የጤፍን ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እኛ የገንዘብ ማሰባሰቢያ የቀጥታ ስርጭት ሲኖር ተሯሩጠን እንሰጣለን፣ ከዚያ ጭጭ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብትሆን ይሻላል ባይ ነኝ (ልደታቸውን እዚያ ሄደው የሚያከብሩትን ሳላመሰግን አላልፍም)። ጸሐፊው ግን አንድ ነገር ይጠይቅልን፦ ታክሞ የተሻለው ሰው ወዴት ነው የሚሄደው? ቤተሰብ ካልተቀበለው፣ ሥራም ካላገኘ ተመልሶ ጎዳና ሊወጣ ነው?