«ኦሪጅናል ነው» የማይል ሻጭ የለም

ስለ ስልክ ባትሪ በጻፋችሁት ላይ «ኦሪጅናል ባትሪ ብቻ ግዙ» ማለታችሁ ጥሩ ነው። ግን እዚህ ደሴ «ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ የሚሸጥላችሁ ማን አለ? አምና ፒያሳ ከአንድ ሱቅ ለኖኪያ ስልኬ ቢኤል-5ሲ የሚባለውን ባትሪ ገዛሁ። ላዩ ላይ 3000 ኤምኤኤች (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) ይላል። የዚህ ባትሪ ትክክለኛ አቅም 1000 አካባቢ ነው። በዚያች ቁራጭ ውስጥ 3000 ከየት ይመጣል? ያኔ መች አወቅኩ! ሁለት ወር ሳይሞላው አብጦ የስልኬን ክዳን ገፍቶ አወጣው።

አሁን ስገዛ ቁጥሩን ከአሮጌው ጋር አስተያያለሁ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ አሽከረክረዋለሁ። እንደ እንዝርት ከዞረ ሆዱ ነፍቷል ማለት ነው፣ አልወስደውም። ባለሱቁ ይስቃል። ይሳቅ።

ትርፍ ባትሪ ደግሞ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ኪስ ውስጥ አይከተትም። ብረት የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ካገናኛቸው ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ሰኞ ባቲ ገበያ ስወርድ ለብቻው በፌስታል ጠቅልዬ ከፀሐይ አርቄ ነው የምይዘው፤ ሙቀት ዕድሜውን ይበላዋል።

ያንን ያበጠውን እናቴ «በመርፌ ላስተንፍሰው» ብላ ተነስታ ነበር። ወላሂ፣ ከእጇ ነጥቄ ነው ያስጣልኳት።