የማይራመድ ሰው ትከሻ የለውም እንዴ?

ሰሞኑን አንድ የአዲስ አበባ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ስፖርት ክፍሉን ስቶር አደረገው። ፍራሹ ተጠቅልሎ ቆሟል፣ ብረቶቹ ላይ ካርቶን ተቆልሏል። ታናሽ ወንድሜ ከሕንፃ ሥራ ላይ ወድቆ ኅብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ወዲህ ክንዱን የሚያጠነክረው እዚያ ነበርና ሄጄ ኃላፊውን ጠየቅኳቸው። «ዊልቸር ሰጥተነዋል፤ ለማይራመድ ሰው ስፖርት ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

ኧረ በፈጣሪ! እግር ሥራ ሲያቆም ሸክሙ ማን ላይ የሚወድቅ መሰላቸው? ወንድሜ ከአልጋ ሲነሳ የዊልቸሩን ፍሬን ይይዛል፣ አንድ እጁን ፍራሹ ላይ፣ ሌላውን ወንበሩ ላይ ይተክላል፣ ከዚያ መላ ሰውነቱን፣ የማይታዘዙትን ሁለት እግሮች ጭምር፣ በትከሻው ኃይል አንሥቶ ያሻግራል። ሽንት ቤት ሲሄድ እንደገና። ታክሲ ሲገባ፣ ያውም የሚጭነው ከተገኘ፣ እንደገና። ቁጭ ባለበትም በየጊዜው መቀመጫውን ማንሳት አለበት፤ አለዚያ ስሜት የሌለው ቆዳ ሳያመው ይቆስላል፣ ቁስሉም አጥንት ድረስ ዘልቆ ለወራት ሊያስተኛው ይችላል። ትከሻ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው እንዲሸከም አልተፈጠረም። ዊልቸራቸውን በራሳቸው እጅ የሚገፉ ብዙ ሰዎች ትከሻቸውን የሚታመሙት ለዚህ ነው። እሱም ካለቀ ሰውየው ምን ቀረው?

እርግጥ ስፖርት የተበጠሰ ነርቭ አይቀጥልም። ይቀጥላል ያለም የለም።

ነገሩ አዲስ ግኝት ቢሆን እሺ። ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ውስጥ የኅብለ ሰረሰር ክፍል የከፈተው በ1944 እ.ኤ.አ. ነው። ስፖርትን ከሕክምናው ቆጠረው። በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ጉዳተኞችን በቀስት አወዳደረ፤ ፓራሊምፒክ የመጣው ከዚያ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ኅብለ ሰረሰራቸው ለተጎዱ ሰዎች የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም ለአካል ብቃት የሚጠይቀው ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፋጥን እንቅስቃሴና ሁለት ጊዜ ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። ይህም በዛባቸው?

«በጀት የለም» የምትል ማምለጫም አለች። ወንድሜ አሁን ቤት ውስጥ የሚሠራው አሸዋ በሞላ ሃይላንድና አልጋው ላይ ባሰረው የብስክሌት ከመነዳሪ ነው። ምን በጀት ጠየቀ? የጎደለው አሠራሩን አይቶ የሚያርመው ባለሙያ ነው። ትከሻውን ማመም ጀምሮታል፣ ከልምምዱ ይሁን ከመሻገሩ የሚነግረን አጣን። ፊዚዮቴራፒስቷ እዚያው ሆስፒታል ደመወዝ እየተከፈላት ነው። አሁን የመደቧት ካርድ ክፍል ነው።