ቀንድ አውጣና እንቁላል

የኮምፒውተር ሰዎች በፖስታ ቤት የሚላከውን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ «የቀንድ አውጣ ፖስታ» እያሉ እንደሚያፌዙበት የነገረኝ ባሕር ዳር ኮምፒውተር የሚማረው የእህቴ ልጅ ነው። ለበዓል ደብረ ማርቆስ መጥቶ፣ በክር ታስረው መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡትን የድሮ ደብዳቤዎቼን ሲያይ፣ «ጋሼ፣ ይህ ሁሉ በቀንድ አውጣ የመጣ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ነገሩን እንደ ዋዛ አላለፍሁትም፤ ወረቀትና እርሳስ አምጥቼ ሂሳቡን ሠራሁት። ቀንድ አውጣ በሰከንድ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ትጓዛለች ብንል፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሳትተኛና ሳትበላ፣ በዓባይ በረሃም ደርቃ ሳትቀር ብትጓዝ 9 ዓመት ተኩል ይፈጅባታል። የእኔ ደብዳቤዎች ግን በአውቶቡስ ተጭነው ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርደው፣ ወደ ደጀን ሽቅብ ወጥተው፣ ቢዘገዩ ቢዘገዩ በሦስት ሳምንት ይደርሱ ነበር። እንግዲህ ስድቡ የሂሳብ ስሕተት አለበት ማለት ነው።

ደግሞስ ለዝግታ ምሳሌ አጥተን ነው ቀንድ አውጣ የምንበደረው? «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ሕዝብ ፖስታውን መሳደብ ካማረው «የእንቁላል ፖስታ» ቢለው ይቀናዋል፤ እግረ መንገዱንም ተጨፍልቆ የሚደርሰውን ጥቅል ይገልጽለታል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. የተቋቋመው ፖስታችን ሬይ ቶምሊንሰን የተባለው አሜሪካዊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 የመጀመሪያውን የኔትወርክ ኢሜይል እስኪልክ ድረስ ዘገምተኛ መሆኑን የነገረው አልነበረም። ያ ኢሜይል የተላከው ደግሞ ጎን ለጎን በተቀመጡ ሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ነው፤ ጎረቤቴ ቢሆን በአጥር ላይ ተጣርቶ ይጨርሰው ነበር።

ባለፈው ሰኔ ለአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ በኢሜይል ላክሁ፤ ዓይን እስኪጨፈን እንኳ ሳይቆይ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት ደውዬ ብጠይቅ፣ «አላየነውም፤ ለማንኛውም በወረቀት አሳትመው፣ ፈርመው ይዘው ይምጡ» ተባልሁ። ቀንድ አውጣ ቤቷን ተሸክማ እንደምትሄድ እኔም ፋይሌን በብብቴ ይዤ፣ በጭቃው እየተንሸራተትሁ ደረስሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «ገቢ» የሚል ማኅተም መታችበት፣ ቁጥር ሰጠችውና፣ «ደረሰ የሚባለው እንግዲህ አሁን ነው» አለችኝ።

ቀንድ አውጣዋ የትኛዋ እንደሆነች የእህቴን ልጅ በኢሜይል ጠይቄዋለሁ፤ መልሱን እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው።